ገበናን መዝፈን

ሰውዬው የተቀመጠው ከእኛ ቀጥሎ ካለው ጠረጴዛ ነበር። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል። ልጅቱ የጊታሯን ክር እየቃኘች «የሚቀጥለው ዘፈን ስለ አባቴ ነው፤ አባቴም እዚያ ተቀምጧል» ብላ በአገጯ ስታመለክት፣ በቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ሰውዬው ፈገግ ለማለት ሞከረ። እኔም እንደ ሌላው ዞሬ አየሁት፤ ማየቴንም ወዲያው ጠላሁት። አብራኝ የነበረችው የአጎቴ ልጅ ግን አልዞረችም። ዐይኗን ከብርጭቆዋ ሳታነሣ ቆየች።

ይህ የሆነው ባለፈው መጸው በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት፣ በናሽቪል ከተማ ነው። የአጎቴ ልጅ እዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ኖራለች። ሌሊቱን በሆስፒታል ትሠራለች፤ ቀን ትተኛለች፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ከተማዪቱ የካንትሪ ሙዚቃ መዲና እንደሆነች ስለማውቅ «እባክሽ አንድ ማታ ውሰጂኝ» አልኋት። «እኔም ሄጄ አላውቅም፤ አብረን እናያለን ጋሼ» አለችኝ። ሃያ ዓመት ኖራ አለማየቷ አልደነቀኝም። ላስታ ተወልደው የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያላዩ ሰዎች አውቃለሁ።

እኔና እኩዮቼ ከካንትሪ ሙዚቃ ጋር የተዋወቅነው በካሴት ነው። ጂም ሪቭስን፣ ኬኒ ሮጀርስን፣ ዶሊ ፓርተንን፣ ዶን ዊሊያምስን እንግሊዝኛው በቅጡ ሳይገባን ሸምድደናቸዋል። ጂም ሪቭስ እ.ኤ.አ. በ1964 በአውሮፕላን አደጋ መሞቱን የሰማሁት ድምፁን ለብዙ ዓመት ካደመጥሁ በኋላ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ሩቅ አገር እንዳለ ዘመድ ነበር የማስበው። ይህን ሙዚቃ ለምን እንደወደድነው ሲጠየቅ «እንደ ትዝታችን ኀዘን ስላለበት ነው» የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። በበኩሌ ግን የማረከኝ ታሪክ ማውራቱ ይመስለኛል። በሦስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው ቤቱን ጥሎ ይወጣል፣ ይጸጸታል፣ ሲመለስ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ከዚያ በላይ ልቦለድ የሚፈልግ ማን ነው?

የሄድንበት ቤት ብሉበርድ ካፌ ይባላል። ዝናውን ሰምቶ የሚመጣ ሰው ትልቅ አዳራሽ ይጠብቃል፤ የሚያገኘው ግን ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ በሱቆች ተርታ መካከል የተሸጎጠ፣ ዘጠና ሰው ገደማ ብቻ የሚይዝ ጠባብ ክፍል ነው። ኤሚ ከርላንድ የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1982 የከፈተችው ሲሆን ከ2008 ጀምሮ የደራሲያኑ ማኅበር ይዞታ ሆኗል። እዚያ ሙዚቃ ሲጀመር ወሬ ክልክል ነው። የሚያንሾካሹክ ካለ «እሽሽ!» ይባላል። አራት የዜማና የግጥም ደራሲያን መድረኩን ትተው በክፍሉ መካከል ክብ ሠርተው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ሕዝቡ ዙሪያቸውን ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ ይከባቸዋል። ከዚያ በተራ በተራ የየራሳቸውን ድርሰት፣ ከየት እንደመጣ ጥቂት እያወሩ፣ ይዘፍናሉ። ይህ በክብ የመቀመጥ ልማድ በዚያ ቤት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን፣ ከጀማሪዎቹ አንዱ ኬኒ ሮጀርስ የዘፈነውን «ቁማርተኛው»ን የደረሰው ዶን ሽሊትዝ ነበር። ቴይለር ስዊፍትም እ.ኤ.አ. በ2004 የ14 ዓመት ልጅ ሳለች እዚሁ ስትዘፍን ነው በኋላ ሸክላዋን ያሳተመላት ሰው ያያት። ስለዚህም ጊታር ተሸክሞ ናሽቪል የሚገባ ልጅ ሁሉ አንድ ቀን በዚያ ክብ ውስጥ መቀመጥን ይመኛል።

ከአራቱ ሦስቱ ጎልማሶች ነበሩ፤ ሙያቸውን የጨረሱ፣ መቼ ቀልድ እንደሚያስፈልግ የሚያውቁ። አራተኛዋ ሃያ ዓመት የሞላት አትመስልም። ከምሥራቅ ኬንታኪ፣ ከከሰል ማዕድን አገር እንደመጣች ተናገረች። ስሟን አልጽፍም፤ ምክንያቱን አንባቢዬ ወደ ኋላ ላይ ይረዳልኛል። የመጀመሪያ ዘፈኗ ስለ አንድ መንገድ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከዚህ ቀደም መቶ ጊዜ የሰማሁት ዓይነት ነው። ጣቶቿ ይቸኩላሉ፤ ቤት ለመምታት ብላ የምታስገባቸው ቃላት ያስታውቃሉ። ድምፅዋ ግን ሰውን አይለማመጥም። ውደዱኝ አይልም።

ሁለተኛው ዘፈን የአባቷ ነው። አባቷ የማዕድን ሠራተኛ ነበር፤ ወገቡን ተጎዳ፤ ሐኪም ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ክኒን አዘዘለት፤ ክኒኑ ከሕመሙ የባሰ ጌታ ሆነበት። በዚያ በኬንታኪና በዌስት ቨርጂኒያ ተራራማ አገር ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በሐኪም ትእዛዝ በተሰጠ ክኒን ስንቱ ትዳር ፈርሷል፣ ስንቱ ልጅ በአያት እጅ አድጓል። ልጅቱ ግን ስለ አገሩ ሁሉ አልዘፈነችም። የዘፈነችው ስለ አንድ የቡና ቆርቆሮ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች ብስክሌት ለመግዛት በቆርቆሮው ውስጥ ሳንቲም ታጠራቅም ነበር። ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት በሁለት እጇ አንሥታ ትመዝነዋለች፤ እያደር ይከብዳል። የበቃት ቀን ገልብጣ ስትዘረግፈው ከላይ ጥቂት ሳንቲም አለ፤ የቀረው ብሎንና ዳዶ ነው። አባትየው ሳንቲሙን ለክኒን እየወሰደ፣ ክብደቱ እንዳይጎድልባት ከመሣሪያ ሣጥኑ ብሎን እየጨመረ ይተካው ኖሯል።

ዘፈኑ አባትየውን አይሳደብም፤ አያዝንለትምም። ነገሩን ብቻ ይናገራል። አንጀት የሚበላው ስርቆቱ አልነበረም። ሰውዬው እየሰረቀ እንኳ የልጁን ደስታ ላለመንካት የደከመው ድካም ነው። በየሌሊቱ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ብሎን ይመርጥ እንደነበር ሳስብ ጉሮሮዬ ተዘጋ።

ያን ጊዜ እንደገና ሰረቅ አድርጌ አየሁት። በአውራ ጣቱ የኮፍያውን ጠርዝ ዙሪያውን ይዳስሳል፤ ሲጨርስ እንደገና ይጀምራል። ከእሱ ማዶ አንድ ሸምገል ያለ ሰው መነጽሩን አውልቆ ያለቅሳል። ዘፈኑ ሲያልቅ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አባትየውም አጨበጨበ፤ ሁለት ጊዜ ብቻ። ከዚያ እጆቹን ኮፍያው ላይ መለሳቸው።

አማርኛችን ለዚያ ቆርቆሮ ጉዳይ ትክክለኛ ቃል አለው፤ ገበና። ገበና ከደጅ የማይወጣ የቤት ጉድ ነው። ያደግነው «ገበናህን ሸፍን» እየተባልን ነው። ሚስት የባሏን፣ ልጅ የአባቱን፣ ጎረቤት የጎረቤቱን ይሸፍናል። ሰው ሲራገምም ሲመርቅም ገበናን ያነሣል፤ «ገበናህን ያውጣው» ከባድ እርግማን ነው፤ «ገበናችንን ይሸፍንልን» የየዕለት ጸሎት ነው። የካንትሪ ሙዚቃ ደግሞ ከተፈጠረ ጀምሮ የሚኖረው ገበና በመግለጥ ነው። ስካሩ፣ ፍቺው፣ እስር ቤቱ፣ ያልተከፈለው ዕዳ፣ ሁሉም በስም ተጠርቶ ይዘፈናል፤ የበለጠ የገለጠም የበለጠ እውነተኛ ይባላል። ለመሆኑ የራስን ቤት ገበና አደባባይ አውጥቶ መዝፈን ይገባል? ወይስ አይገባም?

«እውነት እስከሆነ ድረስ ምን ነውር አለው?» የሚል ይኖራል። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ነበር የምለው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። ይሁንና ተረቱ እያደር ይጠራል አለ እንጂ አንተ ቸኩለህ አጥራው አላለም። ለነፍስ አባት የተነገረ ኃጢአት እውነት ነው፤ ካህኑ ግን ይዞት ይቀበራል። ሐኪም የበሽተኛውን ደዌ ያውቃል፤ ለጎረቤት አያወራም። አንድ ነገር እውነት መሆኑ ማን፣ ለማን፣ በማን ኪሳራ ይናገረው ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም። ሐሰት ሲነገር በደሉ የተናጋሪው ነው። እውነት ሲነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ተናጋሪው ይመሰገናል፣ ዕዳውን ሌላ ሰው ይከፍላል።

ከዚህ የሚጠነክረው ክርክር የመጽናናቱ ነው። ያ መነጽሩን ያወለቀ ሰው ምናልባት ሳንቲም የሰረቀ አባት ነው፤ ምናልባትም የተሰረቀበት ልጅ። ለእሱ በዚያች ማታ «ለካ ብቻዬን አይደለሁም» ማለት ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል። ይህን አልክድም፤ እኔም በሕይወቴ ስንት ጊዜ በሰው ገበና ተጽናንቻለሁ። መጻሕፍት ማለት ምንድን ናቸው? ነገር ግን ሂሳቡ ሲደረግ አንድ ነገር ይረሳል። የተጽናናው ሰው ጨለማ ውስጥ ተሸሽጎ ያለቅሳል። የከፈለው ሰው ኮፍያውን ይዞ ብርሃን ላይ ይታያል።

«አባትየው ራሱ መጥቶ ተቀምጦ የለም እንዴ? ፈቅዷል ማለት ነው» ይባል ይሆናል። የበደለ አባት ልጁን «አትዝፈኚው» ሊላት ይችላልን? የባለዕዳ እሺታ ስንት ይመዝናል? ይህን ሳስብ የእኛ አዝማሪ ቤት ትዝ አለኝ። አዝማሪ ሰውን ሲነካ በሰም ጠቅልሎ ነው። ከዚያም በላይ የተነካው ሰው እዚያው ተቀምጦ «ተቀበል!» ብሎ መልሱን በግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም በራሱ ላይ የተወረወረውን ስድብ በማሲንቆው አሳምሮ መልሶ ያዜመዋል። (አዝማሪ ቤትን ማሞገሴ አይደለም፤ እዚያም ስንቱ ተዋርዶ ወጥቷል።) ብሉበርድ ግን ዝም የሚባልበት ቤት ነው። አባትየው ተነሥቶ «ተቀበዪ!» የሚልበት ደንብ የለም።

ካንትሪ ሙዚቃ ከዚህ ጥያቄ ጋር ሲኖር ብዙ ዘመኑ ነው። ከዚያችው ከምሥራቅ ኬንታኪ የወጣችው ሎሬታ ሊን እ.ኤ.አ. በ1932 ከከሰል ቆፋሪ ቤት ተወለደች፤ በ15 ዓመቷ ተዳረች። የመጀመሪያ ጊታሯን የገዛላት ባሏ ነው። በ1960 የመጀመሪያ ሸክላዋ ሲወጣ ከሬዲዮ ጣቢያ ሬዲዮ ጣቢያ በመኪና እየዞረ ያስተዋወቀላትም እሱ ነው። እሷ ደግሞ የእሱን ስካርና የእሱን ሴቶች ዘፈነች። በ1967 አንደኛ ደረጃ የያዘላት የመጀመሪያ ዘፈኗ ሰክሮ ለሚገባ ባል የተነገረ ነው። ባል በገዛው ጊታር ባልን መክሰስ! ሰውዬው ግን በየመድረኩ ከኋላ ቆሞ እንጀራቸው ሲጋገር ያያል፤ ከእንጀራውም ይበላል። እንዲያውም በሱ ስካር የተገዛ እርሻና ቤት ነበራቸው ማለት ይቻላል።

ሎሬታ ግን ሁሉንም አልተናገረችም። እ.ኤ.አ. በ1976 የሕይወት ታሪኳን በመጽሐፍ አወጣች፤ ከመጽሐፉም በ1980 ፊልም ተሠራ። ባሏ በ1996 ከሞተ በኋላ በ2002 ሁለተኛ መጽሐፍ ስታሳትም በመጀመሪያው አለዝባ ያለፈችውን መራራ ነገር ጨመረችበት። እሷም በ2022 ዐረፈች። እኔን የሚያስደንቀኝ በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ያለው 26 ዓመት ነው። ገበናዋን ትቸበችባለች የተባለች ሴት፣ ባሏ በሕይወት እስካለ ድረስ አንዲት ጓዳ ዘግታ ኖራለች።

«እንግዲያስ ፈጠራ ይሻላል» ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ዶን ሽሊትዝ «ቁማርተኛው»ን ሲደርስ ቁማርተኛ አልነበረም። ሌሊት ሌሊት በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ላይ ተረኛ ሆኖ የሚሠራ ሃያ ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ነበር። ባቡር ውስጥ የሚመክረውን ያን ሽማግሌ ከአሳቡ አወጣው፤ በ1978 ኬኒ ሮጀርስ ዘፈነው፤ እኛ አዲስ አበባ ድረስ ሰማነው። የማንም አባት ኮፍያውን አልዳሰሰም። ግን ፈጠራን ለማመስገን እኔ የታመንሁ ምስክር አይደለሁም። እኔም አንድ ጊዜ «ፈጠራ ነው» ብያለሁና።

አጎቴ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከተበተነው ሠራዊት አንዱ ነበር። ምክትል መቶ አለቃ ነበር። ቤቱ ሽሮ ሜዳ ነው። ከብዙ ወራት ሥራ ፍለጋ በኋላ «ዘበኝነት አገኘሁ» ብሎ ጧት ጧት መውጣት ጀመረ። አንድ የአቦ ዕለት በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሳሪስ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከለማኞች መካከል ተቀምጦ አየሁት። እሱ አላየኝም። የወታደር ካፖርቱን ለብሷል። የቀኝ ክርኑ ላይ ሚስቱ የጣፈችለት ጨርቅ አለ፤ በቀይ ክር ነው የተሰፋው፤ ሌላ ክር አጥታ ይሆናል። ወደ ኋላዬ ተመለስሁ። ቀርቤ «አጎቴ» አላልሁትም። ወደ ቤቴ ገብቼ ግን ጻፍሁት።

የፕሬስ ዐዋጁ በ1985 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ መጽሔት በሽ በሽ ነበር፤ ለወጣት ጸሐፊ የደስታ ዘመን ነው። ታሪኩ በ1987 ዓ.ም. አጭር ልቦለድ ሆኖ ታተመልኝ። ስሙን ለውጫለሁ። ማዕረጉን ወደ ሃምሳ አለቃ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ሳሪስን ኮተቤ አድርጌዋለሁ። ቀይዋን ክር ግን ማውጣት አልሆነልኝም። በታሪኩ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የምታምረው እሷ ነበረች። ጓደኞቼም ያደነቁልኝ እሷን ነው፤ «ያቺ ቀይ ክር!» አሉኝ። ሽሮ ሜዳም ያወቀው በእሷ ነው። ስም መለወጥ ምን እንደሚሠራ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሰውን የሚሰውረው ከማያውቁት ሰዎች ነው፤ የማያውቁት ደግሞ ቀድሞም አይጎዱትም። ለሚያውቁት አንዲት ክር ትበቃለች።

አጎቴ ምንም አላለኝም። ለዓመት በዓል ስንገናኝ እንደ ወትሮው ሳመኝ፤ ጤንነቴን ጠየቀኝ፤ ጠላ አስቀዳልኝ። በ1992 ዓ.ም. ዐረፈ። ልጁ ታሪኩ በወጣ ጊዜ የ12 ዓመት ተማሪ ነበረች። ስለዚያ ጽሑፍ እኔና እሷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። እንግዲህ ብሉበርድ አጠገቤ ተቀምጣ ወደ ሰውዬው ያልዞረችው እሷ ናት።

ዝግጅቱ አልቆ ስንወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ ሰው ተሰብስቧል። አባትየው የአሮጌ ፒክአፑን ኋላ ከፍቶ የልጁን ሲዲ ይሸጣል። ገንዘብ የሚቀበለውም መልስ የሚሰጠውም እሱ ነው፤ ልጅቱ ጎኑ ቆማ ትፈርማለች። 20 ዶላር ሰጠሁት። 10 ዶላሩን በአንድ አንድ ብር ሁለት ጊዜ ቆጥሮ መለሰልኝ። አንድም ሳንቲም እንዳይጎድል የሚጠነቀቅ እጅ ነበር። ልንሄድ ስንል የአጎቴ ልጅ ድንገት ቆመችና «ያንን ዘፈን ይወዱታል?» ብላ ጠየቀችው። እኔ ክው አልሁ። ሰውዬው አልተቀየመም። ጥቂት አሰበና ጥሩ ዘፈን እንደሆነ፣ ከጻፈቻቸው ሁሉ እንደሚበልጥ ነገራት። ቀጥሎም «ክኒኑን ከተውኩ አምስት ዓመት ሆነኝ። እዚያ ዘፈን ውስጥ ግን ገና አልተውኩም» አለ። ስለ ዝናብ እንደሚናገር ሰው ነበር የተናገረው።

ይህች ቃል እስካሁን አልለቀቀችኝም። ከማሳፈር የከፋ በደል ሳትሆን አትቀርም። ሰው ይለወጣል፤ ዘፈንና ጽሑፍ ግን በአንዲት ቀን ላይ ይቸነክሩታል። አጎቴ በእኔ ገጽ ላይ ዛሬም ኮተቤ ተቀምጦ እጁን ዘርግቷል። ከመሞቱ በፊት ሦስት ዓመት ያህል በእውነት ዘበኛ ሆኖ እንደሠራ፣ ዩኒፎርሙን እየተኮሰ ይለብስ እንደነበር የሚናገር ታሪክ አልጻፍሁም። ለነገሩ ያን ማን ያትምልኛል? ቀይ ክር የለበትም።

በልጅቱ ላይ ግን አልፈርድባትም። ቆርቆሮው የእሷ ነው። የተሰረቀው የእሷ ሳንቲም ነው። የተሰረቀ ሰው «ተሰረቅሁ» የማለት መብት አለው፤ ያውም የሰረቀው ፊት ቆሞ፣ ዐይኑን እያየ። አባትየውም ቢሆን ከዘፈኑ ይልቅ የሚፈራው የልጁን ዝምታ ሊሆን ይችላል። ያን የሚያውቁት ሁለቱ ናቸው። እኔ ግን ከአጎቴ ምን ተሰርቄ ነበር?

ወደ ቤት ስንመለስ የምትነዳው እሷ ናት። አውራ ጎዳናውን ይዘን ብዙ ከሄድን በኋላ፣

«ጋሼ፣ እማዬ ታውቅ ነበር» አለችኝ።

ዝም አልሁ።

«ዘበኛ በየማታው በሳንቲም አይከፈለውም። አባዬ ሲገባ ከኪሱ አውጥቶ ምድጃው አጠገብ ያስቀምጠዋል። እማዬ ቁጭ ብላ ትቆጥራለች፤ ስሙኒውን ለብቻ፣ ዐሥር ሳንቲሙን ለብቻ። ‹ዛሬስ ጥሩ ከፈሉህ› ትለዋለች። እኔም አውቅ ነበር። ጎረቤቶቻችንም የሚያውቁ ይመስለኛል፤ አንዳንዶቹ ሳሪስ ዘመድ ነበራቸው። ማንም ትንፍሽ አላለም። ያ መጽሔት ከወጣ በኋላ አባዬ ከቤት መውጣት አቃተው። እኛ ስላወቅንበት አይደለም። ማወቃችንን እሱ ስላወቀ ነው።»

«ስንት ጊዜ ቤት ዋለ?» አልኋት።

«ክረምቱን በሙሉ» አለችኝ። ክረምቱን ምን እንደበሉ አልጠየቅሁም። እሷም አልነገረችኝም።

እንግዲህ ከላይ ገበናን «ከደጅ የማይወጣ የቤት ጉድ» ያልሁት ስሕተት ኖሯል። ያ የምስጢር ትርጉም ነው። ምስጢር የማይታወቅ ነገር ነው፤ ገበና ግን ብዙውን ጊዜ ይታወቃል። ሚስት ታውቃለች፣ ልጅ ታውቃለች፣ ዕድርተኛው ያውቃል። ገበና ያ ሁሉ የሚያውቅ ሰው እንዳላወቀ ሆኖ አንድን ሰው የሚያኖርበት ጣሪያ ነው። አክስቴ ስሙኒውን ለብቻ፣ ዐሥር ሳንቲሙን ለብቻ ስትከምር ጣሪያ እየሠራች ነበር። ያ የኬንታኪ ሰውዬም በቆርቆሮው ውስጥ ብሎን ሲጨምር፣ ሌባ ቢሆንም፣ እንዲያው የሚያሳዝን ጣሪያ መሥራቱ ነበር። እኔ ማንም የማያውቀውን እውነት ያወጣሁ መስሎኝ ስኮራ፣ ሁሉም የሚያውቀውን አወጣሁ፤ ሰማዩን ብቻ ከፈትሁበት።

«ትምህርት ቤት ‹ቀይ ክር› ይሉኝ ነበር» አለች ቆይታ። ትንሽ ሳቀችም። «እሱስ ግድ የለም፤ ልጆች ናቸው። ጽሑፉን አሁንም ይዘኸዋል?»

«አለኝ።»

«አንብቤው አላውቅም። እማዬ መጽሔቱን እሳት አያያዘችበት። እስቲ ላክልኝ።»

አዲስ አበባ እንደተመለስሁ ላክሁላት። ምን እንዳለች እዚህ አልጽፍም። ይህንን የምታነቡትንም ጽሑፍ ለመጽሔቱ ከመስጠቴ በፊት በስልክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁላት። ሁለት ቦታ አስወጣችኝ፤ አወጣሁ። ቀይዋንም ክር ላውጣት እንደሆነ ጠየቅኋት። በዚያ ማዶ ለጥቂት ጊዜ ድምፅዋ ጠፋ።

«ተዋት፤ የሰፋቻት እማዬ ናት» አለችኝ።